ሐኪም ደከመኝ ሲል

ቢዮ አዋሌ ውስጥ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በር ሲንኳኳ ለምን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። ወይ ምጥ ነው፣ ወይ ትኩሳት የጠናበት ልጅ። እንዲህ ባለ የድሬዳዋ ገጠር ለሚሠራ ጤና መኮንን ወይም አዋላጅ ነርስ መኖሪያና መሥሪያ ቤት ብዙም አይለያዩም። «ዛሬ ተረኛ አይደለሁም» ቢል የሚያንኳኳው ሰው ተራ የሚባለውን ነገር ከየት ያውቀዋል? እሱ የሚያውቀው ሐኪሙ እዚያ ቤት እንደሚያድር ብቻ ነው። (ለገጠሩ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ሐኪም ነው፤ ማዕረግ የሚለየው ከተሜ ነው።) በማግስቱ ደግሞ ገበያ ላይ ይገናኛሉ። ታዲያ በምን አንጀት እምቢ ይላል?

ስለ ሥራና የግል ሕይወት ሚዛን የሚሰጠው ምክር እዚህ ላይ አይሠራም። «ከሥራ ስትወጣ ስልክህን አጥፋ» ይባላል። ስልኩን አጠፋ እንበል፤ በሩንስ ምን ያድርገው? ምጥ የጠናባት ሴት ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ሪፈር ስትባል አምቡላንስ የሚጠራውም በዚያው ስልክ ነው።

በሌላኛው ጫፍ ታካሚ የሚቀበለውም ቢሆን ተኝቶ የነቃ ሰው አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ዱቲ ማለት ብዙ ጊዜ ቀኑን ሲሠራ የዋለ ሐኪም ሌሊቱንም አድሮ ጠዋት ራውንድ ይወጣል ማለት ነው። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ወረርሽኙ አለ። በ2006 መጀመሪያ ዴንጊ፣ በ2011 ማብቂያ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያጠቃ ቺኩንጉንያ፣ በ2014 ወባ። ትንኟ ሐኪምና ታካሚ አትለይም። መገጣጠሚያው ያበጠ ሐኪም መገጣጠሚያው ያበጠ ታካሚ ሲያክም ማየት እዚያ ብርቅ አይሆንም።

ከዱቲ በኋላ ሁሉም ቤቱ ገብቶ የሚተኛ የሚመስለው አለ። ብዙዎች የሚሄዱት ወደ ግል ክሊኒክ ነው። በ2017 የጤና ባለሙያዎች አደባባይ ወጥተው ሲናገሩ የጠቅላላ ሐኪም ወርሃዊ ደመወዝ በወቅቱ ምንዛሪ መቶ ዶላር አይሞላም ነበር። በዚህ ገንዘብ የቤት ኪራይ ከፍሎ ልጅ ማሳደግ ስለማይቻል ሁለተኛ ሥራ ይያዛል። ሁለተኛው ሥራ የሚወስደው ሰዓት ደግሞ የልጁን ነው። ሲወጣ ልጁ ተኝቷል፣ ሲመለስም ተኝቷል።

አስገራሚው ነገር ይህ ሁሉ ሲሆን ተመርቀው ሥራ ያጡ ሐኪሞች መኖራቸው ነው። አንዱ በድካም ይወድቃል፣ ሌላው ዲግሪውን ይዞ ቤት ይቀመጣል። በጀት የለም ይባላል።

«በርንአውት የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚሉ ሰዎች የቃሉን ታሪክ ቢያዩት ጥሩ ነበር። ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1974 በጽሑፍ የገለጸው የሥነ ልቦና ሐኪሙ ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ነው። ያየውም በውድ ሆስፒታል አልነበረም፤ ኒውዮርክ ውስጥ ለድሆችና ለሱሰኞች በነፃ በሚሰጥ ክሊኒክ ነው። እሱ ራሱ ቀን በግል ክሊኒኩ ሠርቶ ማታ እዚያ ይገባ ነበር። ነደው ያለቁት ሰነፎቹ አልነበሩም፤ ከሁሉ በላይ ራሳቸውን የሰጡት ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 በርንአውትን ሲመዘግበው በሽታ አላለውም፤ መላ ያላገኘ የሥራ ቦታ ጫና ውጤት ነው ያለው። እንግዲህ የሚታከመው ሰውዬው ብቻ ሳይሆን የሥራ ቦታውም ነው።

ሕዝቡ «ሐኪም ያመናጭቃል» ይላል። እውነቱን ነው፣ ያመናጭቃል። ነገር ግን ታካሚን በስሙ መጥራት ትቶ «የሰባት ቁጥሯ» ማለት የጀመረ ሐኪም ሁልጊዜ በጥባጭ ሰው አይደለም። ሰውን እንደ ሰው ማየት ሲያቅት የበርንአውት ምልክት ነው፤ ሐኪሙም ይህን በመማሪያ መጽሐፉ አንብቦታል። በራሱ ላይ ሲያየው ግን ያፍራል። ደከመኝ ካለ «ሙያው ክቡር ነው፣ ምለሃል» ይባላል። ክብሩ የሚነሳው ሁልጊዜ ዝም ለማሰኘት መሆኑ ያሳዝናል።

ግንቦት 2017 ላይ ዝም አላሉም። ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ቤት ጠየቁ፤ ሥራ ያቆሙም፣ የታሰሩም ነበሩ። ሐኪም ሥራ ሲያቆም ዋጋውን የሚከፍለው ባለሥልጣን ሳይሆን ያቺ ምጥ የያዛት ሴት መሆኗ አይካድም። ይህን ከሐኪሞቹ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን የሐኪሙ ድካምም የሚያርፈው በእሷው ላይ ነው፣ ያውም ሳይነገራት።

ለቢዮ አዋሌው ሐኪም የዮጋ ሥልጠና መላክ ቀልድ ነው። የሚያስፈልገው በተራ የሚያድር ሁለተኛ ሰው፣ በወቅቱ የሚከፈል የዱቲ አበል፣ ሳይዘገይ የሚደርስ አምቡላንስ ነው። ዛሬ ሌሊት አንዱ ሲነሳ ሌላው ይተኛና ቅዳሜ ጠዋት መኪና ተሳፍሮ ድሬዳዋ ይወርዳል። ልጁን ሳይተኛ ያገኘዋል።