የቡና መቁያ ማሽኔና የእማዬ ብረት ምጣድ

የሆለታን ብርድ ያለ ቡና እንዴት እንደምችለው አላውቅም። ለዚህም ነው ትንሽ የኤሌክትሪክ ቡና መቁያ የገዛሁት። መጀመሪያ ሰሞን ቡናው በአሥር ደቂቃ ይንጣጣ ነበር። ቆይቶ ግን ሃያ ደቂቃ ተቆልቶም ገርጥቶ ይወጣ ጀመር፤ ሲጠጣም ገለባ ገለባ ይላል። ማሽኑ ተበላሸ ብዬ በጣም አዘንኩ።

ለካስ ችግሩ ሌላ ነው። ኤሌክትሪክ የሚሠራ ጎረቤቴ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ መጥቶ በመለኪያ አየልኝ፤ 220 ቮልት መሆን የሚገባው 180 ሆኗል። እንዲህ ሲወርድ የማሽኑ ሙቀት በአንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። ገለፈት መያዣውም ተደፍኗል፤ አየር በደንብ ካላለፈ ቡናው እኩል አይቆላም። በብሩሽ ጠረግኩትና በማግስቱ ጠዋት ቆላሁ። ያ የጓጓሁለት መንጣጣት ሲሰማ የተሰማኝ ደስታ!

ለመግዛት ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ቮልቴጁን እዩ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው 120 ቮልት ስለሆነ እዚህ በቀጥታ እንዳትሰኩት። የቡናው መልክ የሚታይበትን፣ ገለፈት መያዣው በቀላሉ የሚወልቀውን ምረጡ። ከልኩ በላይም አትሙሉት።

ብረት ምጣዱን ግን ከቤቴ አላወጣም። እማዬ ቆልታ ስትጨርስ ምጣዱን ይዛ ጭሱን እያንዳንዱን እንግዳ ታስሸትታለች፤ እንግዳውም በእጁ ወደ ፊቱ እየሳበ ይመርቃል። ማሽኑ ቡና ይቆላል፤ ምርቃቱ ግን ያለው ምጣዱ ዘንድ ነው። መብራት ሲጠፋም የሚደርስልን እሱው ነው።