እንቅርት እርግማን አይደለም

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላል ያገራችን ሰው፣ ችግር በችግር ላይ ሲደራረብበት። እኔ ባደግሁበት በደጋ ዳሞት፣ በፈረስ ቤት ዙሪያ፣ እንቅርት ተረት ብቻ አልነበረም። በገበያው፣ በምንጩ ዳር፣ በለቅሶ ቤት አንገታቸው ያበጠ እናቶችን ማየት የተለመደ ነበር። እናቴም ከእነርሱ አንዷ ነበረች። ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ትውላለች፤ ብርድ አይለቃትም፤ ቶሎ ይደክማታል። ልጆቿ የእርጅና ነገር ይመስለን ነበር።

ዓመታት አልፈው እኔም ትዳር ያዝሁ። ባለቤቴም የዚያው አገር ልጅ ናት። የመጀመሪያ ልጃችንን ስታረግዝ የእርሷም አንገት ማበጥ ጀመረ። ያን ጊዜ የማይናገር ሰው አልነበረም። አንዷ ዘመድ «ከአማትሽ ተጋብቶብሽ ነው» አለቻት። ሌላው የዘር እርግማን አደረገው። አንድ ወንድም ደግሞ በጸሎት ስላልተጋች እንደሆነ ነገራት። እብጠቱ አያማትም ነበር፤ ያመማት ንግግሩ ነበር። ሌሊት ስታለቅስ ሰምቼ በማግሥቱ ወደ ሕክምና ይዣት ሄድሁ። የደም ምርመራው የታይሮይድ ሆርሞን ማነሱን አሳየ። ሐኪሙ በእርጋታ ያስረዳንን፣ በኋላም አንብቤ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

ከጉሮሯችን ፊት ለፊት የቢራቢሮ ቅርጽ ያላት ታይሮይድ የምትባል እጢ አለች። ሥራዋ ሆርሞን ማምረት ነው። ሆርሞን በደም ውስጥ የሚላክ ደብዳቤ ነው በሉት። የዚህ ደብዳቤ ቀለም ደግሞ አዮዲን ነው። ሐኪሞች ሆርሞኖቹን «ቲ ፎር» እና «ቲ ስሪ» የሚሏቸው አንዱ አራት፣ ሌላው ሦስት የአዮዲን ቅንጣት ስለያዙ ነው። ቀለም ከሌለ ደብዳቤ አይጻፍም። ከአንጎል ሥር ያለች ሌላ እጢ «ጻፊ፣ ጻፊ» እያለች ትወተውታለች፤ ታይሮይድም ያላትን ለማብቃቃት ስትታገል ትልቃለች። እንቅርት ማለት ይህ ነው። ስንፍና አይደለም፤ ከአቅም በላይ የደከመች እጢ ናት።

ደብዳቤው ደረሰ ማለት ግን ተነበበ ማለት አይደለም። ድሮ በገጠር ደብዳቤ ሲመጣ ባለቤቱ ተቀብሎ የሚያነብለት ተማሪ ይፈልግ እንደነበር ታስታውሳላችሁ? በሴሎቻችንም እንዲሁ ነው። በሴሉ እምብርት ውስጥ የሆርሞን ተቀባይ የሚባል ፕሮቲን አለ። ሆርሞኑ እስኪመጣ ድረስ ሌሎች ፕሮቲኖች ይዘውት ጂኑ ጸጥ ብሎ ይቆያል። ሆርሞኑ ሲደርስ ከልካዮቹ ይለቃሉ፤ አጋዥ ፕሮቲኖች ይጠጋሉ፤ ጂኑ መነበብ ይጀምራል። ከእነዚህ አጋዦች አንዱ «ኤስ አር ሲ ዋን» ይባላል። አሜሪካ፣ ሂዩስተን ውስጥ በርት ኦማሊ የሚባሉ ሳይንቲስትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ አደረጉት። ይኸው አጋዥ የእርግዝና ሆርሞኖችን ተቀባዮችም ያግዛል። በአንዲት ሴል ውስጥ እንኳ ብቻውን የሚሠራ የለም።

ይህ ሁሉ አጋዥ ተሰልፎ ሳለ ደብዳቤው ካልተጻፈ ግን የሚነበብ ነገር የለም። በማኅፀን ያለ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱን ሆርሞን አያመርትም፤ አንጎሉ የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነው። አዮዲን እጅግ ሲጎድላት ጽንሱ ሊጨነግፍ፣ የሚወለደውም ልጅ በአእምሮው ወይም በመስማቱ ሊጎዳ ይችላል። እኔን ሌሊቱን ያሳደረኝ ይህ ነበር።

ታዲያ ለምን በእኛ አገር? በደጋው ዘመናት የወረደው ዝናብ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ወስዶታል። በዚያ አፈር የበቀለው ገብስና ድንችም ያንኑ የጎደለውን ይዞ ይበቅላል። መፍትሔው የሚመጣው በጨው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ከአሰብ ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው ቀረ፤ በቦታው የአፋር ጨው ያለ አዮዲን ገበያውን ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2011 መንግሥት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ 15 በሚሆኑ ቤቶች ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ግን 89 ደረሰ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም አዮዲን አለው ማለት በቂ አለው ማለት አይደለም፤ አያያዙም ይወስነዋል።

ውድ ባለትዳሮች፣ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮ ግራም ነው፤ ነፍሰ ጡር 250። በዓይን የማይታይ መጠን! ስለዚህ ጨው ስትገዙ የታሸገውንና «አዮዲን ያለው» ተብሎ የተጻፈበትን ምረጡ። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይ፣ ከእሳትና ከእርጥበት አርቁት። አትጠቡት። ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት። አዮዲን አገኛለሁ ብላችሁ ግን ጨው አታብዙ፤ ለቁስል የሚቀባውንም አዮዲን አትጠጡ። አንገት ያበጠ ሁሉ ምክንያቱ አንድ ስላልሆነ መመርመር ይገባል።

ባለቤቴ የታዘዘላትን ክኒን በየማለዳው ወሰደች፤ ልጃችንም በጤና ተወለደ። እናቴን ግን ማንም «ይህ እርግማን አይደለም» ሳይላት አለፈች። ወንድሜ ሆይ፣ ሚስትህ አንገቷን በነጠላ ስትሸፍን ካየህ ሌሎች ከመናገራቸው በፊት አንተ ተናገር፤ ደግሞም አብረሃት ወደ ሐኪም ሂድ። ጨው መግዛትም የሚስት ሥራ ብቻ ነው አትበል። ልጁ የሁለታችሁ ነው።