ከወረታ ሩዝ ማሳ እስከ ቁልቋል በር

ወረታ የገባሁት ኅዳር 10 ቀን ረፋዱ ላይ ነው። ሚኒባሱ ጉማራን ከተሻገረ በኋላ ሜዳው ወገቡን ፈታ፤ ግራ ቀኙ የደረሰ ሩዝ ነው። አጫጆች ጎንበስ ብለው በተርታ ይገፋሉ፣ ከኋላቸው ነዶ የሚሸከሙ ልጆች ይሮጣሉ። ከተማው ውስጥ መፈልፈያ ቤቶቹ ሳያቋርጡ ይጮኻሉ፣ የሩዝ ገለባው በየጓሮው ተራራ ሠርቷል። ምሳ የበላሁት እንጀራ ሩዝና ጤፍ የተቀየጠበት ነጭ እንጀራ ነበር።

እኔ ግን የመጣሁት ሩዙን ፍለጋ አይደለም። ሩዝ እዚህ የገባው በደርግ ዘመን ነው፤ እኔ የምፈልገው ሜዳው የሣርና የፎገራ ከብት በነበረበት ጊዜ የሆነውን ነው። ጣልያን ይህን አገር ሲይዝ ሕዝቡ መቼና በምን ምክንያት እንደተነሣ፣ ከመጻሕፍት የቃረምኩትን ይዤ ቦታው ላይ ቆሜ ማየት ፈለግሁ።

ከወረታ በባጃጅ ጥቂት ከወጣሁ በኋላ አንድ ማሳ ዳር አጨዳ የሚያሠሩ ሽማግሌ አገኘሁ። ዕድሜያቸው ሰማንያ ሊሞላ ነው፤ የተወለዱት ጣልያን ከወጣ በኋላ ስለሆነ የሚነግሩኝ ሁሉ ካባታቸው የሰሙትን ነው። ሰላምታ ተለዋውጠን፣ ጠላ ቀርቦ፣ የመጣሁበትን ስነግራቸው በከዘራቸው ከማሳው ጥግ ያለች አንዲት ዋርካ አሳዩኝ።

«አባቴ ምንሽሩን የቀበረ እዚያ ሥር ነው። በቅቤ አሽቶ፣ በቁርበት ጠቅልሎ።»

«ጣልያን እንደገባ ነው የቀበሩት?»

«የለም ልጄ። ዛሬ ብትጠይቅ ሁሉም ያባቱን ነገር ሲያወራ ከመጀመሪያው ቀን ዱር ቤቴ አለ ይልሃል። አባቴ አልሸፈተም ነበር። በሬውን ጠምዶ ያርስ ነበር። ጠመንጃህን አምጣ ሲሉት ነው የሸፈተ።»

ይህን ቃል በማስታወሻዬ ላይ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። ለምን አረሱ፣ ለምን ዝም አሉ ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። በጌምድር ግን በዚያን ጊዜ ቂም ነበረው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ገዥው ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ተዋግተው ሞቱ፤ በዚያ ጦርነት አውሮፕላን ቦምብ ጥሏል። ልክ በስድስት ዓመቱ፣ መጋቢት 22 ቀን 1928፣ ንጉሠ ነገሥቱ ማይጨው ላይ ተሸነፉ። በማግስቱ በስታራቼ የሚመራው የጣልያን ጦር ጎንደር ገባ። የጉግሣ ደም ያልደረቀለት ሰው ብዙ ነበርና፣ «የሸዋ ሰው ሄደ፣ ፈረንጅ መጣ፣ እንግዲህ ምን ያደርግ ይሆን» ብሎ ቆሞ የተመለከተው ጥቂት አልነበረም። ጣልያኖቹም ይህን ያውቁ ነበር፤ እርሻህና ሃይማኖትህ አይነካም እያሉ ነው የገቡት።

ያ ቃል አንድ ዓመት እንኳ አልቆየም። ሐምሌ 22 ቀን 1928 አቡነ ጴጥሮስን አዲስ አበባ ላይ በጥይት ደበደቧቸው። በ1929 ታኅሣሥ፣ አርበኞቹ ወንድማማቾች አበራና አስፋወሰን ካሣ ፍቼ ላይ ምሕረት ይደረግላችኋል ተብለው እጃቸውን ሲሰጡ ተገደሉ። የካቲት 12 የአዲስ አበባው ጭፍጨፋ መጣ፣ ግንቦት ላይ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ወሬው በገበያና በማኅበር እየተላለፈ እዚህ ሜዳ ድረስ ሲመጣ ገበሬው የተረዳው ነገር አንድ ነው፤ ለእነዚህ ሰዎች መገበርም መከላከያ አይሆንም። የገባም ይገደላል።

ከዚያ በላይ ደግሞ ጠመንጃው ነበር። በዚህ አገር ጠመንጃ ማለት በሬ ተሽጦ የሚገዛ፣ ርስት የሚያስከብር፣ በሠርግና በለቅሶ የሚታይ፣ ከአባት ለልጅ የሚወርድ ነገር ነው። ወንዱን በሚስቱና በልጆቹ ፊት «አውጣና አስረክብ» ማለት መሣሪያውን ብቻ መውሰድ አይደለም። ሽማግሌው ስለዚህ ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። የጎረቤታቸው አባት ደብቀሃል ተብሎ ገበያ መካከል ተገርፏል አሉኝ። «የተገረፈው ሌሊቱን ወጣ። አባቴ በሳምንቱ ተከተለው። ምንሽሩን ቆፍሮ አወጣው።»

በ1929 ክረምት ማብቂያ ላይ ጎጃም፣ በጌምድርና ላስታ ባንድ ጊዜ ያህል ተነሡ። የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1930 መባቻ ተዋግተው ወደቁ፤ በጎንደር በኩል አሞራው ውብነህ፣ ከዓባይ ማዶ ቢቸና ላይ በላይ ዘለቀ ስማቸው ገነነ። ይህን ሁሉ ሰው ያስነሣ አንድ አዋጅ የለም፤ ንጉሡ በስደት እንግሊዝ አገር ነበሩ። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። መሣሪያ መንጠቅ ሕዝብ ማስነሣቱ በሌላ አገርም ታይቷል፤ አሜሪካኖች ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር በቴምብርና በሻይ ቀረጥ ለዓመታት ሲጨቃጨቁ ኖረው፣ በ1775 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጥይት የተተኮሰው የንጉሡ ወታደሮች ኮንኮርድ ውስጥ የተከማቸውን መሣሪያ ሊወስዱ ሲወጡ ነው። እነርሱ የገዛ ንጉሣቸውን የከዱ ሰፋሪዎች ናቸው፣ የእኛዎቹ ግን ባላገር ናቸውና ነገሩ አንድ አይደለም። ሆኖም ቅሬታ የሚታመቅበትና የሚፈነዳበት መንገድ ይመሳሰላል።

ሽማግሌውን ስለ እናታቸው ጠየቅኋቸው። ጥይት በጌሾ ቅጠል ሸፍነው በቅርጫት ይዘው ገበያ ይወጡ ነበር። ፈታሹ ማን ነበር ስላቸው ትንሽ ዝም አሉና «አጎቴ» አሉ። የእናታቸው ወንድም ባንዳ ነበር። እኅቱን እያየ አሳልፏት ይሁን ሳያውቅ፣ እናታቸው እስኪሞቱ አልተናገሩም።

ኅዳር 12 ቀን ማለዳ ከወረታ ወደ ጎንደር በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ቀኑን መርጬ ነው። ርብን ተሻግረን፣ አዲስ ዘመንን አልፈን፣ መንገዱ ሽቅብ ሲይዝ ለረዳቱ «ቁልቋል በር ወራጅ አለ» አልኩት። «እዚያ ምን አለህ? ማንም አይወርድም እኮ» አለኝ።

በሩ በተራሮች መካከል ያለ ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ወደ ጎንደር የሚያስገባውን መንገድ የያዘ ሁሉንም ይይዛል። ንጉሡ ጥር 12 ቀን 1933 በኦሜድላ ገብተው፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ደርሰው፣ ደብረ ታቦር ያለው የጣልያን ጦር በክረምቱ እጁን ሰጥቶ ሳለ እንኳ ጎንደር አልወደቀም ነበር። ጣልያኖቹ እዚህ መሽገው ከሦስት ወር በላይ ተከበቡ። ክረምቱ አለፈ፣ ጭቃው ደረቀ፣ አርበኞችና እንግሊዞች ያመጧቸው የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች በየአቅጣጫው ወጡበት። ምሽጉ የወደቀው ኅዳር 12 ቀን 1934፣ በሚካኤል ዕለት ነው። በስድስተኛው ቀን ጎንደር ተለቀቀች። ከምሽጉ ውስጥ ከጣልያኖቹ ጋር የሞቱ የእኛ አገር ሰዎችም ነበሩ።

ጣልያን አገር ካራቢኒየሪ የሚባሉት ጭፍሮች ይህን ቀን በየዓመቱ የወደቁትን እያሰቡ ያከብሩታል። ቁልቋል በር የሚለውን ስም ሮም ውስጥ የሚያውቀው ወታደር፣ በየቀኑ እዚህ ከሚያልፈው ተሳፋሪያችን ይበልጣል ብዬ እፈራለሁ። ይህን ስጽፍ ያመኛል። ከድል በኋላ የሆነውም ያመኛል፤ በላይ ዘለቀ በ1937 በራሱ መንግሥት ተሰቀለ፣ በ1960 ጎጃም የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ ሲነሣ ከዐመፁ ፊት ከነበሩት መካከል የጣልያን ዘመን አርበኞች ነበሩ፤ የተላከባቸውም አውሮፕላን ነበር።

ቁልቋሎቹ መካከል አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ከታች ከሚካኤል የሚመለሱ ሰዎች ነጠላቸውን አጣፍተው በቀጭኑ መንገድ ይወጡ ነበር። አንዲት እናት አጠገቤ ቆም ብለው «ምነው ልጄ፣ መኪና ጥሎህ ሄደ?» አሉኝ። እዚህ ጣልያን የተሸነፈበት ቀን ዛሬ እንደሆነ ነገርኳቸው። ዘንቢላቸውን አወረዱ፣ ከዝክሩ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝና አካባቢውን በዓይናቸው ቃኙ። «በየት በኩል ነው የሞቱት?» ብለው ጠየቁኝ። በእጄ አሳየኋቸው። ወደዚያው ዞረው ሦስት ጊዜ አማተቡ።