ጽኑ የሥራ ጠረጴዛ

በምዕራብ ዓባያ በሚገኘው ቤታችን ልጃችን ጣውላውን በጉልበቱ ደግፎ በመጋዝ ሲቈርጥ እያየን ስለ እጁ እንሰጋ ነበርና፥ ጽኑ የሥራ ጠረጴዛ ሠራንለት። በሚገባ የደረቀ ዋንዛ መረጥን፤ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይጣመማልና። ለገጹ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ አደረግን። ከፍታውን ልጁ ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ሲያወርድ አንጓው በሚደርስበት ለካን። ምስማር በመወዛወዝ ብዛት ስለሚላላ መጋጠሚያውን በብሎን አሠርን፤ በየጎኑም ሰያፍ አግዳሚ ጨመርን፤ ሦስት ማዕዘን በመላጊያ ግፊት ቅርጹን አይለውጥምና። እግሮቹን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቆምን፤ ይኸውም የቈላው ምስጥ በድንጋዩ ላይ የጭቃ መንገዱን ሲሠራ አይተን እንጠርገው ዘንድ ነው።

ወላጆች ሆይ፥ ለልጆቻችሁ የተሳለ መሣሪያ ከመስጠታችሁ አስቀድሞ ሥራው የሚያርፍበትን አጽኑላቸው።