«ኢትዮጵያ» ስለ ተባለችው መርከብ አንድ ሽማግሌ የነገሩን

እኛ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ያለን ሰዎች የሰውን ቃል ሰምተን መጻፍ ልማዳችን ነው። ባለፈው ሰንበት ግን ለመዝገብ ሳይሆን ለራሳችን ፈቃድ ስንል፥ በባሕር ዳር ከተማ ወደሚኖሩ አንድ የቀድሞ መርከበኛ ቤት ሄድን። ጆሯቸው ስለማይሰማ ጥያቄያችንን በወረቀት አቀረብንላቸው፤ እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው እያነበቡ በታላቅ ድምፅ መለሱልን።

ተወልደው ያደጉት በጎጃም ደጋ ነው። በ1956 ዓ.ም. የባሕር ኀይል ምልምል ሆነው ከአሥመራ ወደ ምጽዋ ሲወርዱ፥ ብርዱ ነፋሲት ላይ ተለያቸው፤ ጊንዳዕን ሲያልፉ ካፖርታቸውን አወለቁ፤ ምጽዋ ሲደርሱ ሸሚዛቸው ከገላቸው ተጣበቀ። 115 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነው በዚያ መንገድ ከ2,300 ሜትር ከፍታ እስከ ባሕር ይወረዳል። ውኃውን በእጃቸው ጨልፈው ቢቀምሱት፥ «ይህ ሁሉ ጨው በከንቱ ይተኛል!» ብለው አዘኑ።

መርከቢቱ ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ነበረ። አሜሪካውያን በዋሽንግተን ግዛት ሠርተው «ኦርካ» ብለው ሰይመዋት በ1936 ዓ.ም. ወደ አገልግሎት ገባች፤ ዋና ተግባሯም ከባሕር ላይ ለሚነሡ አይሮፕላኖች ነዳጅና ጥገና መስጠት ነበረ፤ ጫጩቶቿን እንደምትሰበስብ ዶሮ ማለት ነው። በጥር 1954 ዓ.ም. በውሰት ለኢትዮጵያ ተሰጥታ የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛና የባሕር ኀይሉ ዋና መርከብ ሆነች።

የእኒህ ሰው ሥራ ግን ሰማይ ከማይታይበት ከሞተሩ ክፍል ነበረ። «ሞተሩ ሲጮኽ እንተኛለን፤ ዝም ያለ እንደ ሆነ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ብድግ እንላለን» አሉን። ለጆሯቸው ጥጥ ይታደላቸው ነበር፤ ዳሩ ግን ሞተሩ ሲታመም ድምፁ ይለወጣልና ያንን ለመስማት ሲሉ ጥጡን እያወጡ ይጥሉት ኖሯል። «ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ዛሬም ቢሆን አወጣዋለሁ» ሲሉ እንደ መሳቅ አሉ።

በ1972 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበቱ። መርከቢቱ በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ተሻገረች፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ለብረት ተሸጠች። ወሬውን ሰምተው «መርከብዎ ተሸጠች፤ ሊሰባብሯት ነው» ብለው በወረቀት ጽፈው የሰጧቸው ባለቤታቸው ናቸው። ሽማግሌውም ያን ዕለት ምሳ አልበሉም።

ወይዘሮዋ ቡና እየቀዱልን ይህን ከነገሩን በኋላ ጥቂት ዝም አሉና፥ «እኔ ስምንት ዓመት ምጽዋ ስኖር ከወደቡ ዳር ቆሜ አያታለሁ እንጂ አንድ ቀን እንኳ አልወጣሁባትም። ‹የሚመጣው ጊዜ አስጎበኝሻለሁ› ይሉኝ ነበር» አሉ።

ሽማግሌው የከንፈራቸውን መንቀሳቀስ አይተው፥ ምን እንዳሉ እንድንጽፍላቸው ወረቀቱን ወደ እኛ ገፉት። እኛም ወይዘሮዋን ብናያቸው «ጻፍላቸው» አሉን፤ ቃሉን ሳንቀንስ ጻፍነው። ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ አጥፈውም ከደረት ኪሳቸው ከተቱት።