ከጀርባ ያለችው ባዶ ክፍል

የአዲስ አበባ ሰው ድሮ ቤት ሲሠራ አንድ ብልሃት ነበረው። ገንዘቡ ቢያልቅበትም ባያልቅበትም ከዋናው ቤት ጀርባ ባዶ ቦታ ይተዋል። «ለምን?» ሲሉት መልሱ «ማን ያውቃል» ነው። ከዓመታት በኋላ እዚያ ቦታ ላይ ሰርቪስ ቤት ይበቅላል። ልጅ ሲያገባ ይገባበታል፤ ከገጠር የመጣ ዘመድ አድሮበት ይማራል፤ ባለቤቱ ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ይከራይና የወር አስቤዛ ይሸፍናል። ሰውየው ይህን ሁሉ አስቦ አይደለም። ቦታ ተወ፤ ሌላው ራሱ መጣ። ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው የዚህ ነገር ጥቅም የሚገባው የጤፍ ጆንያ ማስቀመጫ ሲያጣ ነው።

ይህን ያስታወሰኝ ግን ቤት አይደለም። የልጆች መጫወቻ ነው።

ፕሌይስቴሽን ቱ የሚባለውን ጥቁር ሣጥን የማያውቅ አዲስ አበቤ ካለ ልጅም ታናሽ ወንድምም የሌለው መሆን አለበት። ሶኒ ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በማርች 2000 ነው። እስከ 2013 መጀመሪያ ድረስ ሲመረት ቆይቶ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። እኛም አገር ገብቶ ጆተኒና ከረንቡላ የቆሙበትን ቦታ ተሻማና በየሰፈሩ «ጌም ቤት» የሚባል የእንጀራ በር ከፈተ።

አሜሪካና አውሮፓ የተሸጠው ትልቁ ሞዴል ከጀርባው በክዳን የተዘጋች አንዲት ባዶ ክፍል ነበረችው። ሣጥኑ ሲገዛ ውስጧ ምንም የለም። ሰርቪስ ቤት ያልተሠራባት ቦታ በሏት። ኩባንያው ያሰበው አንድ ቀን ሃርድ ዲስክ ሊያስገባባት ነው። አስገባም። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ «ፋይናል ፋንታሲ 11» ከሚባል የኢንተርኔት ጨዋታ ጋር 40 ጊጋባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ ሸጠ። ለማነጻጸር ያህል፣ ልጆች የደረሱበትን ደረጃ የሚያስቀምጡባት ሜሞሪ ካርድ የምትይዘው 8 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ሆኖም በሃርድ ዲስኩ የሚጠቀሙት ጨዋታዎች ጥቂት ነበሩ። በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ ቀጭኑ ሞዴል ሲመጣ ክፍሏ ቀርታለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ያ የኢንተርኔት ጨዋታ ለፕሌይስቴሽን ቱ ተዘጋ። በኩባንያው መዝገብ የክፍሏ ታሪክ እዚህ ላይ አበቃ።

በእኛ ሰፈር ግን አላበቃም።

ከቤቴ በሦስተኛው በር ላይ አንድ ወጣት ጌም ቤት አለው። ለትልልቆቹ ልጆች አዲሱን፣ ሳንቲም ለሚያጥራቸው ለትንንሾቹ ደግሞ ያንን አሮጌውን ትልቁን ሣጥን ነው የሚያጫውተው። አንድ ቀን የአሮጌው ሌንስ ደከመና ዲስክ አላነብም አለ። ዲስኮቹም ቢሆኑ በትንንሽ ጣቶች ተጭረው መልካቸው ጠፍቷል። ቆራሌው በበሩ ሲያልፍ ዋጋ ጠራ፤ የፕላስቲክ ዋጋ። ለዚያ ልጅ የሣጥኑ መሞት ማለት የቤት ኪራዩ ግማሽ መሞት ማለት ነው። እናቱን የሚያስታምመው ከዚያ ኪራይ በሚተርፈው ነው። ታዲያ ማታ ላይ በሬን አንኳኳ።

«ጋሼ፣ ያ አሮጌ ኮምፒውተርዎ አለ?»

«አለ። ምን ሊሠራልህ?»

«ሃርድ ዲስኩን ፈልጌው ነበር።»

ነገሩን አስረዳኝ። ለሣጥኑ የሚስማማው በሰፊ ኬብል የሚገናኘው የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ነው፤ ፋብሪካዎች ደግሞ እሱን መሥራት ከተዉ ቆይተዋል። ከጀርባ የሚታሰረውንና ዲስኩን ከሣጥኑ ጋር የሚያገናኘውን ዕቃ ከአንድ ጠጋኝ ዘንድ አግኝቷል። ከሜሞሪ ካርድ የሚነሳ ነፃ ፕሮግራምም አለ፤ ጨዋታዎቹ አንዴ ሃርድ ዲስኩ ላይ ከተገለበጡ ሌንሱ ኖረም ሞተም ግድ የለም።

«አንድ ነገር ግን ልንገርዎት» አለ አንገቱን ደፋ አድርጎ። «ፕሌይስቴሽኑ በራሱ መንገድ ነው ፎርማት የሚያደርገው። ውስጡ ያለው በሙሉ ይጠፋል።»

ውስጡ ያለው ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የጻፍኩት ማስታወሻ ነው፤ የዐሥራ አንድ ዓመት። ልጁ አስቀድሞ አስቦበት ኖሮ ከኪሱ ፍላሽ አወጣ። ሁሉንም ገልብጦ ሲጨርስ ሂሳቡን አየን። ዐሥራ አንድ ዓመት 300 ሜጋባይት አልሞላም። አንድ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፤ ስለዚህ የእኔ ልብ ወለድ፣ ግጥምና ሂስ ተደምሮ ከአንድ የኳስ ጨዋታ ጥግ ላይ ተቀምጦ ቦታ ይተርፈዋል ማለት ነው። ልጁ ላለመሳቅ ታገለ። እኔ ግን ሳቅሁ። ምን ይደረግ!

በሦስተኛው ቀን ሣጥኑ ተነሳ። ሄጄ አየሁት። ሌንሱ ሙት ነው፤ ዲስክ የለም፤ ጨዋታው ግን ይሄዳል። ያኔ ትዝ ያሉኝ የአብነት ትምህርት ቤት መምህራን ናቸው። ዓይናቸው ጠፍቶ፣ መጽሐፉን ከነትርጓሜው በቃላቸው ይዘው ጉባኤ የሚያስኬዱ የኔታዎች ነበሩን። ተማሪው ቢሳሳት «ተመለስ» ይሉታል፤ ገጹን ሳያዩ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን፤ መጽሐፉን የሚያይ ዓይን ሲጠፋ ግን ወራሽ የሚገኘው በቃል ከያዘው ሰው ነው።

«ይሄ መገልበጥ ስርቆት አይደለም ወይ?» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለን፤ በብዕሩ የሚኖር ሰው ደግሞ በዚህ አዋጅ አይቀልድም። የሰው ድካም እያባዙ መሸጥ አንድ ነገር ነው። ገበያው የተወውን፣ መደብር ሄደህ አዲስ የማታገኘውን ዕቃ ነፍስ ማቆየት ግን ሌላ ነው። ባስተማርኩባቸው ዓመታት ስንት የአማርኛ መጽሐፍ ዳግም ሳይታተም፣ በፎቶ ኮፒ ብቻ ከተማሪ እጅ ወደ ተማሪ እጅ ሲተላለፍ አይቻለሁ። ፎቶ ኮፒው ባይኖር ደራሲው የሚያገኘው ገንዘብ አይጨምርም፤ አንባቢው ነበር የሚቀንሰው። ሁለቱን በአንድ ቃል «ስርቆት» ብሎ መጥራት ለሌባውም ለጠጋኙም ፍርድ ማጓደል ይመስለኛል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፤ የክፍሏ መዘጋት። ቀጭኑ ሣጥን ያምራል፣ ይቀላል፣ ቦታ አይፈጅም። ነገር ግን የሚጨመርበት ነገር የለም። የዛሬው ሞባይልም እንዲሁ ነው፤ ባትሪው ታሽጎ ይመጣል፣ ብዙዎቹ ላይ የሜሞሪ ካርዱ ቀዳዳ ሳይቀር ቀርቷል። ዕቃው ያማረ ዕለት የዕድሜው ልክም አብሮ ተቆረጠ። እንደ እኛ ባለ አገር፣ ከሌላው ያረጀው እኛ ዘንድ አዲስ ሆኖ በሚገባበት አገር፣ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። የእኛ ኑሮ ቅጥያ ነው። ልብሱ ይገለበጣል፣ ጫማው ሶል ይቀየርለታል፣ ቤቱ ከጀርባው ይቀጠላል። ቅጥያ የማይቀበል ዕቃ ሲበዛ የሚሠራ እጅ ያለው ወጣት ሥራ ያጣል፤ ሥራ የሚበዛለት ቆራሌው ብቻ ነው።

ፍላሿን በቀደም ከፍቼ ማስታወሻዎቼን ሳገላብጥ አንድ ነገር አስተዋልኩ። መልስ የሞላሁባቸው ገጾች በአብዛኛው አርጅተዋል፤ ከእኔ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የተሻለ ብለዋል። ጥያቄ ጽፌ ከሥሩ ለተማሪ ቦታ የተውኩባቸው ግን ዛሬም ክፍል ይዘዋቸው ቢገቡ ያስተምራሉ። የተወሰኑትን አሁን ለሚያስተምር የቀድሞ ተማሪዬ ላክሁለት። ጥያቄዎቹን ብቻ።