ለጣና ጀልባ፣ መሐል ሜዳ ላይ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጥምቀት ወደ መሐል ሜዳ ስንወጣ መኪናው ውስጥ እግሬ ሥር በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ነበር። መንገዱ በተንገጫገጨ ቁጥር ቁርጭምጭሚቴን ይመታኛል። «ምንድን ነው ይሄ ልጄ?» ብዬ ብጠይቀው፣ የወንድሜ ልጅ «ፕሮፔለር ነው እትዬ፣ የጀልባዬ» አለኝ። በ3,100 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለች፣ ሐይቅ ወደሌላት ከተማ የጀልባ ዕቃ ይዞ የሚወጣ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ባሕር ዳር ይኖራል። ሁለት ረጃጅም ተንሳፋፊ ቱቦዎች ላይ ሰፊ ወለል የተዘረጋበት፣ ፖንቱን የሚሉት ዓይነት ጀልባ አለው። ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ተሳላሚና ጎብኚ ያመላልሳል። የበጋው መጨረሻ ላይ የጣና ውሃ ዝቅ ሲል ድንጋዩ ይቀርባል። አንዱን መትቶ የፕሮፔለሩ ሦስት ክንፎች እንደ ጆሮ ታጥፈዋል። የተጎዳው አሉሚኒየም ነው። አሁን «የማይታጠፍ» ሊገዛ ቆርጧል፤ ስቴንለስ፣ የማይዝገውን ብረት። ዋጋው ሁለት ሦስት እጥፍ ነው። የጎደለውን እንድሞላለት ነው ከእኔ ጋር ዳገት የወጣው። እኔም ለዕቁብ ያስቀመጥኩት ገንዘብ ነበረኝ።

ከጣርማ በር ወደ ግራ ታጥፎ የሚሄደው መንገድ ለማያውቀው ረጅም ነው። ጓሳ ላይ ስንደርስ ቆምን። እዚያ ሣሩ ራሱ ጓሳ ይባላል። ጭላዳዎች በመንጋ ተቀምጠው ሥር እየነቀሉ ይበላሉ፤ ዕድል ከቀናም ቀይ ቀበሮ ይታያል። የመንዝ ሰው ይህን ሜዳ ቄሮ በሚባለው ሥርዓቱ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሲጠብቀው ኖሯል። ለክዳን የሚሆነው ሣር የሚታጨደው ሲፈቀድ ብቻ ነበር። ነፋሱ ጋቢዬን ሊነጥቀኝ ሲል ወደ መኪናው ተመለስን።

እኔ በልቤ ገንዘቡን ልሰጠው ወስኛለሁ። ምክንያቴም ሙያዬ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከነርስ ትምህርት ቤት ወጥቼ እዚሁ መንዝ ውስጥ ስመደብ መርፌው የመስተዋት ነበር፤ ቀቅለን ነው የምንጠቀምበት። መሐል ሜዳ ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ባቄላው አልበስል የሚለው እኮ ለዚህ ነው። ስለዚህ የመቀቀያውን ሰዓት እናረዝመው ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ሳይጣመም፣ ሳይዝግ የቆየልኝ ስቴንለሱ መቆንጠጫና መቀስ ነው። የአሉሚኒየሙ ሳህን ግን አንዴ ከወደቀ ክዳኑ አይገጥምም። ለእኔ ክርክሩ ያለቀ ነበር።

ማታ አጎቴ ቤት ተሰበሰብን። የድንጋዩ ግድግዳ ብርዱን ውጭ ያስቀረዋል፤ እኛ ደግሞ በና ተከናንበን እሳቱን ከበናል። ቆሎው ቀረበ። ፕሮፔለሩም ከጆንያው ወጥቶ በልጆቹ እጅ ዞረ። የአጎቴ አማች አለ፣ ድሮ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ሞተር ሲጠግን የኖረ። አገላብጦ አየውና ስለ ብረቱ አንድም ነገር ሳይጠይቅ እምብርቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አነበበ፤ 13 በ13።

«ሰው ሞልተህ ሙሉ ነዳጅ ስትሰጠው ሞተርህ ስንት ይዞራል?»

«4,600።»

«መጽሐፉስ ስንት ይላል?»

«ከ5,000 እስከ 6,000።»

«እንግዲያው በሽታህ ብረቱ አይደለም» አለው።

እንዳስረዳን ከሆነ የመጀመሪያው 13 የፕሮፔለሩ ስፋት በኢንች ነው። ሁለተኛው ፒች የሚሉት ነው። ፕሮፔለሩ እንደ ብሎን ጠንካራ ነገር ውስጥ ቢገባ በአንድ ዙር ስንት ኢንች ወደፊት እንደሚሄድ ይናገራል። ፒቹ ሲበዛ ጀልባው በአንድ ዙር ብዙ ለመሄድ ይሞክራል፤ ሞተሩ ግን ይከብደዋል፣ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ዳገት እንደሚወጣ መኪና ማለት ነው። ፒቹን በአንድ ኢንች መቀነስ ሞተሩን ከ150 እስከ 200 ዙር ያህል ያቀለዋል። በዚያ ላይ ከፍታው አለ። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ሦስት በመቶ ገደማ ያጣል። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነውና በባሕር ጠረፍ የተሞከረው ሞተር እዚያ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ጉልበቱ የለም። ያን ጊዜ የእኔም ትንፋሽ ደረጃ ስወጣ ለምን እንደሚያጥር ለልጆቹ ለማስረዳት ጥሩ ምሳሌ አገኘሁ፤ አየሩ ሲሳሳ ሳንባም ሞተርም ያው ነው።

«13 በ10 ግዛ» አለው። «የመሐል ሜዳ ሰው ቆላ ወርዶ በሬ አይገዛም፤ አንተም በቆላ ልክ የተሠራ ፕሮፔለር ለደጋ ሐይቅ አትግዛ።»

እኔ ግን ወደ ብረቱ መለስኳቸው። ገንዘቡ የእኔ ነዋ! ስቴንለሱ አይሻልም ወይ አልኩ። ባሕረኛው አልካደም። ስቴንለስ ስለሚጠነክር ክንፉን ስስ አድርገው ይሠሩታል፤ ውሃውን በደንብ ይሰነጥቃል፣ ጉልበት ሲበዛበት አይለመጥም፣ ፈጣን ጀልባ ላይ ልዩነቱ ይታያል። ጨዋማ ውሃም ቶሎ አይበላውም። ጣና ግን ጨው የለውም። የልጁ ጀልባ ደግሞ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ጭኖ በዝግታ የሚሄድ ነው፤ ያንን ፍጥነት ምን ያደርግለታል?

ይሄኔ እሳቱን ሲቆሰቁሱ የነበሩት አጎቴ ቀና አሉ። ጀልባ በዓይናቸው አይተው አያውቁም። «አንተ ልጅ፣ ድንጋይ ሲነካህ ምን እንዲሰበርልህ ነው የምትፈልገው?» አሉት።

ልጁ ዝም አለ።

«የእኛ መሬት ድንጋይ ነው። ስናርስ መነካቱ አይቀርም። ድግር ቢሰነጠቅ ማታ ጠርቤ እተካለሁ። ሞፈር ከተሰበረ ግን እዚህ እንጨት በሌለበት አገር ቀጥ ያለ ግንድ ፍለጋ ስንት ቀን እዞራለሁ? በሬዎቼም ቆመው ይውላሉ። እና ያ ነገር የማይታጠፍ ከሆነ ዱላው ወዴት ይሄዳል?»

ባሕረኛው ሳቀ። «ወደ ማርሹ ቤት ነዋ» አለ። በሁለቱም ዓይነት ፕሮፔለር እምብርት ውስጥ ምት የሚያበርድ፣ ሲብስም የሚንሸራተት ጎማ አለ። ይሁንና አሉሚኒየሙ ታጥፎ ወይም ተሰብሮ የምቱን ብዙውን ክፍል ራሱ ላይ ያስቀረዋል። ስቴንለሱ እምቢ ሲል ምቱ በዘንጉ በኩል ወደ ጥርሶቹ ሊያልፍ ይችላል። የታጠፈ ፕሮፔለር ሐይቅ ላይ በመፍቻ ይቀየራል። የተሰበረ ማርሽ ግን ሐይቅ ላይ አይጠገንም፤ ሞተሩ ወርዶ፣ መለዋወጫው ታዝዞ ነው። ልጁ ያኔ አንድ የሚያውቀው ባለጀልባ ስቴንለስ ገጥሞ ድንጋይ መትቶ ተሳፋሪዎቹ እስኪመሽ ሌላ ጀልባ ሲጠብቁ እንደዋሉ ነገረን። ይህን መንገድ ላይ ለምን እንዳልነገረኝ እሱ ነው የሚያውቀው።

እኔም የመቀሴን ነገር መልሼ አሰብኩት። መቀሴ ሥራው መቁረጥ እንጂ ድንጋይ መምታት አልነበረም።

ስለዚህ በአንድ ስቴንለስ ዋጋ ሁለት አሉሚኒየም ይግዛ ተባለ። አንዱ ሞተሩ ላይ ይታሰራል፣ አንዱ ከነመፍቻውና ከነፒኑ ጀልባው ላይ ይቀመጣል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ የታየው እምቦጭ ሥሩን ሲጠመጥምበት ግን ለሁለቱም ብረት መድኃኒቱ ያው ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ በእጅ ማላቀቅ። እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። አጥፍቶ አልኩ እንጂ ማርሹን ነጻ አድርጎ አላልኩም። ፕሮፔለር ከአሉሚኒየምም ይሠራ ከስቴንለስ፣ ለእግርና ለእጅ ስለት ነው። ሰው ከውሃ ሲወጣ፣ ሕፃን ከኋላ በኩል ሲሳፈር ቁልፉ መጥፋት አለበት። የሚዋኝ ሰው አጠገብ ካለም ሞተር አይነሳም። የልጅ ልጆች ይዛችሁ ገዳም ለመሳለም ጀልባ ላይ የምትወጡ አያቶች ይህን ባለጀልባውን ለመጠየቅ አትፈሩ፤ የመንሳፈፊያ ጃኬቱንም በልጁ ልክ ጠይቁ። የአዋቂው ጃኬት ለትንሽ ልጅ አይሆንም፣ ሾልኮ ይወጣበታል።

በማግስቱ ገበያ ወጣን። ባለሱቁ የአሉሚኒየም ድስቶቹን እንደ ግንብ ደርድሯቸዋል። የአጎቴ ሚስት የታጠፈውን ፕሮፔለር አንስተው «ይሄ ቀልጦ ለእኔ ድስት አይወጣውም?» አሉኝ። እንደማይሆን ነገርኳቸው። ከሞተር ዕቃና ከልዩ ልዩ ቁርጥራጭ እየቀለጠ የሚሠራ ድስት እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ እርሳስ ደግሞ በምግብ በኩል ገብቶ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ከየት እንደቀለጠ በማይታወቅ ድስት በተለይ እንደ ቲማቲምና ሎሚ ያለ ኮምጣጣ ነገር አይቀቀልም። ቅር አላቸው። እኔም ለማካካሻ አንድ ስቴንለስ ድስት ገዛሁላቸው፤ ከዕቁቡ ገንዘብ የተረፈ ነበረና።

ልጁ በግንቦት ደወለ። አዲሱን አስሮ፣ ሰው ሞልቶ፣ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው 5,100 ዞሯል። ዘጌ መውረጃው አጠገብ ደግሞ ድንጋይ ነክቶ አንዱን ክንፍ አጥፎታል። «ተሳፋሪው ሻይ እስኪጠጣ ድረስ ቀየርኩት እትዬ» አለኝ። አጎቴ ስልኩን ተቀብለው ድንጋዩ ያለበትን ቦታ ምልክት አድርጎበት እንደሆነ ጠየቁት። አላደረገም ነበር።